የዛፍ አቋም ለእናትሽ ይሆናል ወይ? ግድግዳ አጠገብ ከሆነ፣ አዎ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በአንድ እግር ቆመው የሌላውን ውስጥ እግር በቆሙበት እግር የውስጥ ጎን ላይ የሚያሳርፉበት የዮጋ «ዛፍ» እውነት ጥቅም አለው ወይ? ደግሞስ ስልሳ ዓመት ያለፋቸውና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት እናትሽ አብረውሽ ቢሠሩት ችግር ያመጣል ወይ? እኔ ዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ አክስቴንም አስጀምሬያታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ጥቅም አለው። ብዙ ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ መስቀሉ ላይ ነው ትኩረቱ፤ ዋናው ሥራ ግን ያለው መሬት በረገጠው እግር ላይ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ አንዱን እግር አንሺና ቁልቁል ተመልከቺ። ጣቶችሽ ምንጣፉን ሲቧጥጡ፣ የቁርጭምጭሚትሽ ጅማቶች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ታያለሽ። ብዙዎች ያ መንቀጥቀጥ ሲጀምራቸው «አልቻልኩም» ብለው ይተዉታል። ሥራው እኮ እሱ ነው! የዳሌ ጎን ጡንቻም አብሮ ይጠነክራል። ስንራመድ በየእርምጃው ለቅጽበት በአንድ እግር ስለምንቆም፣ ይሄ ጡንቻ ለዕለት ተዕለት ኑሮም ያስፈልጋል።

ሚዛናችንን የምንጠብቀው በዓይን፣ በውስጥ ጆሮና ከእግር፣ ከመገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። ካላመንሽ በአንድ እግር ቆመሽ፣ ግድግዳ ይዘሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ወዲያው ትንገዳገጃለሽ። ለዚህ ነው አስተማሪዎች «ፊት ለፊት የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ዓይንሽን ትከይ» የሚሉት። እኔ የበር እጀታ ነው የማየው። ቴሌቪዥን አይሆንም።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የብራዚል ጥናት ነበር። ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው 1,702 ሰዎች ለ10 ሰከንድ በአንድ እግር መቆም ይችሉ እንደሆነ ታየ፤ ከዚያ ለዓመታት ክትትል ተደረገ። መቆም ካቃታቸው መካከል የሞቱት በዝተው ተገኙ። ይሄንን ሰምቶ «በአንድ እግር ከቆምክ ዕድሜህ ይረዝማል» የሚል አይጠፋም፤ ጥናቱ ግን እንደዛ አላለም። መቆም ያቃታቸው ሰዎች ሲጀመርም በጤና ደከም ያሉ ነበሩ።

ወደ ጥንቃቄው ስንመጣ፣ የተነሣውን እግር በፍጹም ጉልበት ላይ እንዳታሳርፊ። ወይ ከፍ አድርገሽ ጭንሽ ላይ፣ ወይ ዝቅ አድርገሽ ባትሽ ላይ ይሁን። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ከጎን ሲገፉት አይወድም። የቆምሽበትንም ጉልበት ወደ ኋላ ገትረሽ አትቆልፊው።

ለእናትሽ ባቱም ይቅር። ተረከዛቸውን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስደግፈው፣ የእግር ጣቶቻቸው መሬት ይንኩ። ጀርባቸውን ለግድግዳ ይስጡ፤ ፊት ለፊታቸው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ይኑር። የፕላስቲኩ አይሆንም፤ ሲደገፉት ይንሸራተታል። ካልሲ አድርጎ ሴራሚክ ላይ መቆምማ ጨርሶ አይታሰብም።

ግፊት ስላለባቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አይቆዩ፤ ደረታቸው ላይ ይበቃል። ትንፋሽ መያዝ የለም። የግፊት መድኃኒት ከተኛበት ብድግ ሲሉ ሊያዞር ስለሚችል፣ ከአልጋ እንደወረዱ አይጀምሩ። ለማንኛውም ሐኪማቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ራስ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ ወይም በስኳር ምክንያት እግራቸው የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም ምክር አታስጀምሪያቸው። እግር መሬቱን በደንብ ካልተሰማው መውደቅ ቅርብ ነው።

አክስቴ መጀመሪያ «ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፌ የምቆመው አይበቃም?» ብላ ስቃብኛለች። አሁን ኮሪደር ላይ ግድግዳውን በአንድ ጣት ነክታ ትቆማለች። ግድግዳውን ልቀቂ ብያት አላውቅም፤ ምን አስቸኮለን? ሦስት አራት ጊዜ ተንፍሳ እግር ትቀይራለች፣ በቃ።

እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ተቀምጠው የሚሠሩትን እነግርሻለሁ።