ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት ፖምፓውን እይ

አንድ የሐዋሳ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ጋሼ፣ የ98 ሞዴል ማኑዋል ኮሮላ አለኝ። ጠዋት ደህና ነች። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ግን፣ በተለይ ቀትር ላይ፣ አንደኛ ማርሽ አልገባ ይላል። የኋላ ማርሽ ደግሞ ክርርር ብሎ ይጮኻል። ፍሪሲዮኑን ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ይሻለዋል። ከሦስት ወር በፊት ዲስክና ፕሬሻ ፕሌት አስቀይሬያለሁ። አሁን መካኒኩ "ሲንክሮናይዘሩ አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ" ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ካምቢዮው ባለበት ይቆይ። ደብዳቤህን ሳነብ «ስረግጠው ይሻለዋል» የምትለው ላይ ቆምኩ። ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ቀለበት፣ ያለቀበት ካምቢዮ ፔዳል ስለደጋገምክለት አይድንም። በመርገጥ የሚሻለው በዘይት ግፊት የሚሠራ ነገር ነው። ይሄ ደግሞ የፍሪሲዮን ፖምፓ ነው፤ ሁለት ናቸው፣ የላይኛው ከፔዳሉ ጋር፣ የታችኛው ካምቢዮው ላይ ሆነው የእግርህን ግፊት በዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ ያደርሳሉ። ግምቴ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ተበልቶ ግፊቱ እያመለጠው ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ተረግጦም ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተህ ማርሾቹን ሁሉ ሞክር። ሁሉም ለስልሰው ከገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ፣ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም። ቀጥሎ ሜዳ ላይ፣ ከፊትህ ሰውም ግድግዳም በሌለበት፣ ፍሬን ይዘህ አንደኛ አስገባ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይ። ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ መኪናዋ ወደ ፊት መሳብ ከጀመረች ግምቴ ልክ ነው ማለት ነው።

አሁን ባትሪ አብራና እጅህን ከፔዳሉ ጀርባ፣ ዘንጉ ግድግዳውን በስቶ ወደ ሞተር ክፍል ከሚያልፍበት ቦታ ስደድ። ጣትህ ከረጠበ የላይኛው ፖምፓ ነው። ደረቅ ከሆነ ኮፈኑን ክፈት። የታችኛው ፖምፓ ካምቢዮው ላይ፣ በፊት በኩል ነው። የአቧራ ጎማውን ጠርዝ በካቻቢቴ ገለጥ ስታደርገው ዘይት ጠብ ካለ ተገኘ። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ እንዲይዝልህ አድርግና ከታችኛው ፖምፓ የሚወጣውን ዘንግ እይ። ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ መገፋት አለበት፤ ከተገፋም በኋላ እዚያው መቆም አለበት። ፔዳሉ ተረግጦ እያለ ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ከተመለሰ ዘይቱ ላይኛው ፖምፓ ውስጥ በጎሚኒው ጎን እያለፈ ነው። ውጭ ምንም ጠብታ አታይም።

ከላይ አልታይህ ብሎ ከሥር መግባት ካለብህ በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር እንዳትገባ። የብረት ካቫሌቶ (የተነሳችውን መኪና ደግፎ የሚይዝ እግር) አድርግ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ሽብልቅ አስገባ። ብሎኬትና ድንጋይ ካቫሌቶ አይደለም። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ሲንክሮናይዘር ሲባል ሁሉም ያወራል እንጂ ሥራውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹ ሁልጊዜ ተነካክተው ይሽከረከራሉ። አንደኛ ስታስገባ ጥርስ ለጥርስ አታገናኝም፤ ማርሹን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፍ ቀለበት ነው የምታንሸራትተው። ችግሩ ማርሹና ዘንጉ ፍጥነታቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ከሚሄድ ሚኒባስ የሚዘል ረዳት አይተሃል? እግሩ መሬት እንደነካ ጥቂት አብሮ ይሮጣል፤ ቀጥ ብሎ ልቁም ቢል በአፍንጫው ይደፋል። ያንን ሩጫ የምትሮጥልህ ከነሐስ የተሠራች ቀጭን ቀለበት ናት። ማርሹ ላይ ያለው ሾጣጣ ላይ ተጣብቃ በሰበቃ ብቻ ፍጥነቱን ታስተካክላለች፤ ከዚያ መቆለፊያው ገባ ይላል። አቅሟ ግን ትንሽ ነው። የተሠራችው የፍሪሲዮን ዲስኩንና የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ እንድታዘገይ ወይም እንድታፈጥን ነው። ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ሞተሩ በሙሉ ከወዲያ በኩል ይጎትታል። በዚያች ነሐስ ሞተር አቁም ማለት ነው። መጀመሪያ እምቢ ትልሃለች፤ በጉልበት ካስገባህ ትበላለች። የኋላ ማርሽ ደግሞ በዚህ ካምቢዮ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ለዚህ ነው ቀድሞ የጮኸው። ስለዚህ እስክትሠራው ድረስ በጉልበት አታስገባ።

ዲስኩን የቀየረልህ ሰው ሌላም ነገር ነክቶ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ፔዳሉን በእጅህ ግፋው። ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ባዶውን መሄድ አለበት። ባዶ ቦታ ከሌለው የላይኛውን ፖምፓ መግፊያ ዘንግ አስረዝሞ ነው «የሠራው»። ይህ በሽታውን መደበቅ ነው። ዘንጉ ተወጥሮ ከቀረ ዘይቱ ወደ ጣሳው አይመለስም፣ ፍሪሲዮኑም ሁልጊዜ በከፊል እንደተረገጠ ይሆናል። አዲሱ ዲስክህ በወራት ውስጥ ይቃጠላል።

ጥገናው ቀላል ነው። ሁለቱንም ፖምፓ አንድ ላይ ቀይር። አንዱ ሲጠነክር የደከመው ሌላው ቶሎ ይፈነዳል። ጎሚኒ ብቻ ልቀይር ካልክ የፖምፓውን ውስጥ በጣትህ ዳስስ፤ ጭረት ካለው አዲሱን ጎሚኒ ይበላዋል። በየሱቁ የሚሸጠው የርካሽ ኪት ጎሚኒ ደግሞ ያብጣል፣ ፔዳሉም ወርዶ ይቀራል። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ዘይቱ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ይሁን። የሞተር ዘይት ጠብታ እንዳይገባ። የቱቦውን ራስ ስትፈታ ባለ 10 ቁልፍ በደንብ የሚይዝ ፈልግ፤ ያረጀ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል።

አየሩን ለማስወጣት ረዳትህ ረግጦ ይያዝ፣ አንተ የታችኛው ፖምፓ ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ክፈት፣ ዘይቱ ወጣ ሲል ዝጋ። ከተዘጋ በኋላ ብቻ ፔዳሉን ይልቀቅ። ከላይ ያለው ጣሳ እንዳይጎድል እያየህ አረፋ እስኪጠፋ ደጋግመው።

በዚያው የካምቢዮ ዘይቱንም ቀይር፤ 75ደብሊው-90፣ ጂኤል-4 የሚል፣ ወደ 2 ሊትር ይበቃል። መሙያው መፈታቱን ሳታረጋግጥ ማፍሰሻውን አትንካ። ለዚህ ሥራ ከሥር መግባትህ ስለማይቀር ደግሜ እላለሁ፤ ካቫሌቶ ከሌለህ አትግባ፣ ጎረቤት ተዋስ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለተኛ ማርሽ ብቻ ለይቶ ከጮኸ ያኔ መካኒክህ እውነቱን ነው። የማርሽ መያዣው ከላላ ወይም ከተንቀዋለለ ደግሞ ገመዶቹንና ጫፋቸው ላይ ያሉትን ጎማዎች እይ። ሠርተህም ካልተሻለው እንደገና ጻፍልኝ፤ የትኛው ማርሽ እንደሚጮኽ፣ በቀዝቃዛ ይሁን በሙቅ፣ ስትጨምር ይሁን ስትቀንስ ለይተህ ንገረኝ።