የአጎት ደብዳቤ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ብሎኬት አምርቼ እሸጣለሁ። የእህቴን ልጅ አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ትምህርት ቤቱ የሚልከው፣ የዓመቱ ወጪና ከፋዩ የተጻፈበት ቅጽ) ተልኮላታል። የዓመቱ ወጪ 28,000 ዶላር ነው፤ 16,000ውን ትምህርት ቤቱ ችሎላታል፣ ቀሪው በእኔ ነው። ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ ለቪዛዋ የሚሆን የተዘጋጀ ደብዳቤ አተመልኝ። «ሙሉ ወጪዋን እችላለሁ፤ ስትጨርስ እንደምትመለስም ዋስ ነኝ» ይላል። ልፈርም? በቅርቡ እቁብ ደርሶኝ 800 ሺህ ብር ባንክ ማስገባቴስ ችግር ያመጣል?
አጎት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ጋሼ፣ እሱን አይፈርሙ። ስም እየተቀየረ ለመጣው ሁሉ የሚታተም ወረቀት ነው።

«ሙሉ ወጪ» ከአይ-20ው ጋር ይጋጫል። የጎደለው 12,000 ዶላር ስለሆነ እሱኑ ይጻፉ። ዋስትናውንም ያስወጡት። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ቢ) የተማሪ ቪዛ አመልካችን ሁሉ እዚያው ለመቅረት እንደሚሄድ ነው የሚቆጥረው፤ አለመሆኑን ማሳመን የእሷ ፋንታ ነው።

ደብዳቤዎ የሚጠቅማት ሌላው ወረቀት የማይናገረውን ሲናገር ነው። መጀመሪያ ዝምድናው። እሷ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ እርስዎ በአባትዎ፤ ለፈረንጅ ባዕድ ናችሁ። «የእናቷ ወንድም ነኝ» ብለው የእህትዎን ስም ከነአባቷ ያስፍሩ። በልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው የእናቷ አባት ስም የእርስዎም አባት ስም ነውና ነገሩ እዚያው ይገጥማል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በሁሉም ሰነድ አንድ መሆኑን ግን ፊደል በፊደል ይዩልኝ፤ እኛ አገር አንድ ሰው ሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ይዞ ይኖራል።

ከዚያ እቁቡ። ገንዘቡ ነውር የለበትም፤ የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ግን በአንድ ቀን ዱብ ያለ ብር ተበድሮ ለማሳያ የገባ ይመስላል። እቁብ ማለት አባላቱ በየጊዜው እያዋጡ በተራ የሚወስዱት ቁጠባ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ፤ ደረሰዎ የተባለበትን ቀንና መጠን የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ፈርመው ይስጡዎ። የብሎኬቱን ገቢ፣ ንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ያያይዙ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ሂሳብዎ ልክ 12,000 ዶላር ላይ ከሚቆም ተረፍ ቢል ይሻላል።

 

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ፈርመው ስልክዎን ይጻፉበት።

ከሁሉ በላይ ልጅቷ ታንብበው። ኤምባሲ ቪዛውን የሚወስነው ቆንስል ወረቀቱን ጭራሽ ላይጠይቃት ይችላል፤ ማን እንደሚከፍልላት ግን መጠየቁ አይቀርም። «አጎቴ ነጋዴ ነው» ብላ ዝም እንዳትል። ብሎኬት እንደሚያመርቱ፣ የት እንደሆነ፣ ከ28,000ው የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሳትንተባተብ ትናገር።