የሊኑክስ ፕሮግራሞችን በዊንዶውስ ላይ ማስኬድ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

መላሽ፦ እንዴት ሰነበታችሁ የጎንደር ልጆች። የዛሬው ርዕስ አንድ ነው፤ ለዩኒክስና ለሊኑክስ የተጻፉ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞችን ዊንዶውሱን ሳታጠፉ እዚያው ላይ ማስኬድ። ትዕዛዞችን የምጽፈው በድምፃቸው ነው፤ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይሁን። ስትጠይቁ የዊንዶውሱን ስሪት፣ የራሙን መጠንና የመጣውን የስህተት መልእክት ቃል በቃል ጻፉ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ሲግዊን፣ ኤምሲስ 2 እና ደብሊውኤስኤል ልዩነታቸው ምንድን ነው? የቱን ልጫን? ዊንዶውስ 10፣ 8 ጊጋ ራም።

መላሽ፦ መጀመሪያ የምትፈልጊው ፕሮግራም የራሱ የዊንዶውስ መጫኛ እንዳለው እዪ። ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕ፣ ቪኤልሲ፣ ሊብሬኦፊስ፣ አር፣ ፓይተን ሁሉም አላቸው። ለእነዚህ ሌላ ነገር መሀል ማስገባት ትርፍ ድካም ነው።

የሌለው ከሆነ ሦስቱን ለዪ። ሲግዊን የዩኒክስ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ ላይ የሚያስኬድ፣ በ1995 የተጀመረ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች ነው)። ሊኑክስ ላይ ኮምፓይል የተደረገ (ከኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ) ፋይል ገልብጠሽ ብትሰጪው አያስነሣውም፤ ኮዱ ለሲግዊን እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት። ከዚያ አንድ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዊንዶውስ ኮድ) መሀል ቆሞ የዩኒክሱን ጥያቄ ለዊንዶውስ ያስተረጉማል። ድካሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዩኒክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ራሱን ለሁለት ይከፍላል፣ «ፎርክ» ይባላል። ዊንዶውስ ለተራ ፕሮግራሞች ይህን ስለማይሰጥ ሲግዊን ሜሞሪውን እየገለበጠ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ትዕዛዞችን የሚጠራ ስክሪፕት ይንቀራፈፋል። አንቲቫይረስ የራሱን ዲኤልኤል ሲያስገባበት ደግሞ አድራሻው ይፋለስና ፎርኩ ጭራሹን ይከሽፋል።

ኤምሲስ 2 መሠረቱ ከሲግዊን የተወሰደ ነው፤ ዓላማው ግን ራሱን ችሎ የሚሄድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ኮምፓይል ማድረግ ነው። ፓኬጅ የሚያወርደው ከአርች ሊኑክስ በመጣው «ፓክማን» ነው። ሲጫን ብዙ የተርሚናል ምልክቶች ያስቀምጣል፤ «ዩሲአርቲ 64» የሚለውን ክፈቺ፣ ሌላውን ተዪ።

ደብሊውኤስኤል ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው፤ ሁለት ስሪት አለው። በ2016 የወጣው 1ኛው ለሊኑክስ ከርነል (ለሥርዓቱ እምብርት) የሚቀርበውን ጥያቄ ለዊንዶውስ ከርነል ይተረጉማል። 2ኛው፣ በ2020 ከዊንዶውስ 10 ስሪት 2004 ጋር የወጣው፣ እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል በትንሽ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ያስነሣል። በ8 ጊጋ ራም 2ኛውን ጫኚ። ፓወርሼልን በአስተዳዳሪነት ከፍተሽ «ደብሊውኤስኤል»፣ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ኢንስቶል» ማለት በቂ ነው፤ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ራሱ ያመጣል።

የአዘዞ ልጅ፦ ሲግዊን እኮ ድሮ ሞቷል። ለምን ስሙን ታነሡታላችሁ?

መላሽ፦ አልሞተም። 3.5 የወጣው በ2024 ነው። ቨርቹዋል ማሽን በተከለከለበት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ዛሬም ይጠቅማል።

ከቴዎድሮስ ግቢ፦ እኔ ግን አልገባኝም። ዊንዶውሱን ጥሎ ኡቡንቱ መጫን፣ ካልሆነም ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

ጥገና ከፒያሳ፦ ጎን ለጎን ማድረግ እንደ አፍ አይቀልም ወንድሜ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የማስነሻውን ቅደም ተከተል ስትነካ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ቁልፉን ያላስቀመጠ ሰው ፋይሉን አጣ ማለት ነው። «ፋስት ስታርታፕ» ካልጠፋ ደግሞ ዊንዶውስ ዲስኩን በደንብ ሳይዘጋው ይተኛል፤ ሊኑክሱ ያን ዲስክ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም እንቢ ይላል።

ከቴዎድሮስ ግቢ፦ ፋስት ስታርታፕን ማጥፋት እኮ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥገና ከፒያሳ፦ እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ሰው ነዋ።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ርዕሱ ግን ሌላ ነው። ቀጥሉ።

የአዘዞ ልጅ፦ ዊንዶውስ 11፣ 8 ጊጋ። ስጭን በ80370102 የሚያልቅ ስህተት መጣ።

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ቨርቹዋላይዜሽን (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው የሲፒዩ ችሎታ) ባዮስ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ ላይ፣ ጠፍቷል። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሲፒዩ» ብለህ ከታች በኩል እይ፤ «ዲሴብልድ» የሚል ከሆነ ባዮስ ግባ። ለዴል ብዙ ጊዜ ኤፍ 2፣ ለኤችፒ ኤፍ 10 ነው። ኢንቴል ላይ «ቪቲ ኤክስ» ወይም «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም» ይባላል። አብራው፣ አስቀምጠህ ውጣ። «ኢኔብልድ» እያለም ስህተቱ ካልጠፋ የዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ «ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም» ላይ ምልክት አድርግና ሪስታርት አድርግ። ማሽኑ ቨርቹዋላይዜሽን ከሌለው 1ኛውን ስሪት ተጠቀም፣ እሱ አይፈልገውም።

ከአራዳ፦ እኛ ስድስት ኮምፒውተር ነው ያለን። ለእያንዳንዱ ከኢንተርኔት ማውረድ ካርድ ይጨርሳል። አንዴ አውርደን ማዳረስ አይቻልም?

መላሽ፦ ይቻላል፣ እንዲያውም እንዲህ ነው መደረግ ያለበት። አንዱ ማሽን ላይ ኡቡንቱን ጫኑ፣ «አፕት አፕዴት» እና «አፕት አፕግሬድ» አድርጉ (አፕት የኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ ነው)፣ ሁሉም የሚፈልገውን ፓኬጅ አስገቡ፣ «አፕት ክሊን» ብላችሁ የወረዱትን ጥቅሎች አጥፉ። ከዚያ ደብሊውኤስኤል፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሸትዳውን»። ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ «ኤክስፖርት»፣ የሊኑክሱ ስም፣ የሚቀመጥበት የ«ታር» ፋይል አድራሻ። አንድ ፋይል ይወጣል። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት አድርጉት።

በሌሎቹ ማሽኖች ላይ ደብሊውኤስኤል ራሱ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ መጫኛው ከጊትሀብ እንደ ኤምኤስአይ ፋይል ስለሚወርድ እሱንም በፍላሹ ያዙ፣ «ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን» አብሩ። ከዚያ ሁለት ሰረዝ «ኢምፖርት»፣ አዲስ ስም፣ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ የታር ፋይሉ አድራሻ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። እንዲህ የገባ ሊኑክስ «ሩት» (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ ሊከፈት ይችላል። «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው የደብሊውኤስኤል ኮንፍ ፋይል «ዩዘር» በሚል የካሬ ቅንፍ ርዕስ ሥር «ዲፎልት እኩል ይሆናል» ብላችሁ የተጠቃሚውን ስም ጻፉና ዘግታችሁ ክፈቱ። ሌላው፣ ታር ፋይሉ ሁሉን ነገር ይዞ ነው የሚወጣው፤ የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ የተቀመጠ የይለፍ ቃል፣ የተየባችሁትን የትዕዛዝ ታሪክ ሳይቀር። የሚገለበጠው ማሽን ላይ ማንም በራሱ አካውንት ሳይገባ ኤክስፖርት አድርጉ።

ከማራኪ፦ ጫንኩት ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ስሠራበት በጣም ይዘገያል። ፎልደሩ ዴስክቶፕ ላይ ነው።

መላሽ፦ ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ዴስክቶፕሽ የዊንዶውስ ዲስክ ነው፤ 2ኛው ስሪት ከቨርቹዋል ማሽኑ ወጥቶ እያንዳንዱን ፋይል በኔትወርክ ፕሮቶኮል ነው የሚጠይቀው። ፋይሉን በሊኑክሱ ቤት፣ «ሆም» ሥር አስቀምጪ። ከዊንዶውስ ማየት ስትፈልጊ ፋይል ኤክስፕሎረር በግራ በኩል «ሊኑክስ» ብሎ ያሳይሻል። ይህን ዛሬ ብዙ ጊዜ ልለው ነው፦ የሊኑክስ ሥራ በሊኑክሱ ዲስክ ላይ።

ከልደታ፦ አልሠራልኝም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምኑ? ከላይ ሦስት ነገር ጠይቄአለሁ።

ከልደታ፦ 4 ጊጋ ራም ነው። ኮምፒውተሩ ይደርቃል።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። 2ኛው ስሪት ካልተነገረው እስከ ራሙ ግማሽ ይወስዳል። በተጠቃሚ ፎልደርህ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ደብሊውኤስኤልኮንፊግ» የሚባል ፋይል ፍጠር። አንደኛው መስመር በካሬ ቅንፍ «ደብሊውኤስኤል 2»፣ ሁለተኛው «ሜሞሪ እኩል ይሆናል 1 ጂቢ»። ኖትፓድ ከስሙ ኋላ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ይቀጥልበታል፤ ያኔ ፋይሉ እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው። ስታስቀምጥ «ኦል ፋይልስ» ምረጥ። ከዚያ «ሸትዳውን»። ለ4 ጊጋ ግን ወደ 1ኛው ስሪት መዞር ይሻልሃል፦ ደብሊውኤስኤል፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሴት»፣ አንድ ሰረዝ፣ «ቨርዥን»፣ የሊኑክሱ ስም፣ 1። የዊንዶውስ ዲስክንም ከ2ኛው ፈጥኖ ያነባል።

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር፦ የአማርኛ ጽሑፍ ነው የምሠራው። ፍለጋ ላይ ሐ እና ሀ እንዳይለያዩብኝ «ቲአር» በሚባለው ትዕዛዝ ሐን ወደ ሀ ቀየርኩ፤ ጽሑፉ ሁሉ ተበላሸ። ጐንደር የሚለው ጀንደር ሆነ!

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ኢትዮጵያውያን ይህን ካላወቅን ማንም አያውቅልንም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የቁጥር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በፋይል ውስጥ በሚጻፍበት ኮድ) ሦስት ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ ያለው የግኑ «ቲአር» ደግሞ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ብቻ ነው የሚያየው። ሐ እና ሀ የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ነው፤ የሐ 144፣ የሀ 128። አንተ «ሐን በሀ ቀይር» ስትል እሱ የሰማው «144ን ሁሉ በ128 ቀይር» ነው። ጐም፣ ነም፣ ዐም የሚያልቁት በ144 ነው። ስለዚህ ጐ ጀ ሆነ፣ «ነገር» ደግሞ «ኀገር» ይሆንብሃል። ቲአርን ለአማርኛ አትንኩ።

ትክክለኛው «ሴድ» ነው። በ«ዋይ» ትዕዛዙ፣ በሁለት ሰያፍ መስመሮች መካከል ሐኀ፣ ቀጥሎ ሀሀ ትጽፋለህ፤ ሰባቱንም ቤት እንደዚሁ በሙሉ ዘርዝር። ይህ የሚሠራው ሎካሉ (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) ዩቲኤፍ 8 ከሆነ ነው። «ሎካል» ብለህ እይ፤ «ፖዚክስ» ካለ ወይም ሲ ብቻዋን ከቆመች ሴድም ባይት ይቆጥራል። «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ 8» በቂ ነው። ለመፈተን «ሰላም» ብለህ ያለ አዲስ መስመር ለ«ደብሊውሲ» ስጠው፤ በ«ሲ» አማራጭ 9፣ በ«ኤም» 3 ማለት አለበት። ኤሙም 9 ካለ ሎካሉ ልክ አይደለም።

ሁለተኛ ወጥመድ የቃል መለያያው ነው። በሁለት ነጥብ የተለያየ የቆየ ጽሑፍ ለ«ደብሊውሲ» አንድ ረጅም ቃል ነው። ሁለት ነጥቡን በክፍተት ቀይር፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ የተተየበውን ፡፡ ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ ። ለውጥ። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጥ አራት ነጥቦችህ ሁሉ ክፍተት ሆነው ይጠፋሉ።

ሦስተኛው የፋይል ስም ነው። ዊንዶውስ በስም ውስጥ 255 ፊደል ይፈቅዳል፣ የሊኑክሱ ኢኤክስቲ 4 ግን 255 ባይት። ለሦስት አካፍለው፦ 85 የግዕዝ ፊደል። ረጅም የአማርኛ ርዕስ ያለው ሰነድ ወደ ሊኑክሱ ስትገለብጥ «ስሙ ረዘመ» ብሎ የሚመልሰው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ፊደል አስተካክላችሁ የቀየራችሁትን በዋናው ፋይል ላይ አታስቀምጡ። ለፍለጋ ብቻ ቅጂ ሥሩ። በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። የድጓና የቅኔ ትምህርት ባለበት ከተማ ሆነን ይህን በአንድ ትዕዛዝ ማጥፋት ያሳዝናል።

ከማራኪ፦ ስካን የተደረገ የአማርኛ መጽሐፍ ወደ ጽሑፍ መቀየርስ?

መላሽ፦ «ቴሰራክት»። ዋናውን ፓኬጅና በ«ኤኤምኤች» የሚያልቀውን የአማርኛውን ጨምረሽ በአፕት ጫኚ። ፒዲኤፍ ከሆነ መጀመሪያ በ«ፒዲኤፍቱፒፒኤም» ገጹን በ300 ዲፒአይ ወደ ምስል ለውጪ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሳ እና ላ፣ ጸ እና ጾ ይደባለቁበታል። እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ከሆነ ሁለቱን የቋንቋ ምልክቶች በመደመር ምልክት አገናኚ። የብራና የእጅ ጽሑፍ አትስጪው፤ የተማረው የኅትመት ፊደል ነው። ምስሎቹንም በሊኑክሱ ዲስክ ላይ፣ ዴስክቶፕ ላይ አይደለም!

የአዘዞ ልጅ፦ ስክሪፕት ኖትፓድ ላይ ጽፌ ባሽ «ባድ ኢንተርፕሪተር» አለኝ፣ መጨረሻው ላይ ኮፍያ ምልክትና ኤም አለ።

መላሽ፦ የዊንዶውስ መስመር የሚያልቀው በ13 እና በ10 ነው፣ የሊኑክሱ በ10 ብቻ። 13ቱ ከፕሮግራሙ ስም ጋር ተጣብቋል። «ዶስ2ዩኒክስ» የሚባለውን ጭነህ ፋይሉን ስጠው። ለጊት (ለኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) «ኦቶሲአርኤልኤፍ»ን «ኢንፑት» አድርግ።

ከልደታ፦ ማክ ላይስ?

መላሽ፦ ሆምብሪው።

ከልደታ፦ ፎቶሾፕን ሊኑክስ ላይ በዋይን...

መላሽ፦ እሱ ተቃራኒው መንገድ ነው። ዛሬ አይደለም።

ከአራዳ፦ ሲ ድራይቫችን ሞላ። ሊኑክሱ ውስጥ ፋይል ብንሰርዝም ቦታ አይመለስም።

ጥገና ከፒያሳ፦ «አንሬጅስተር» አድርጉና እንደገና ጫኑ፣ ይለቃል።

መላሽ፦ ቆዩ! ማንም አንሬጅስተር እንዳይል። ያ ትዕዛዝ የሊኑክሱን ዲስክ ከነፋይሉ ይሰርዛል፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አይገባም። ከመንካታችሁ በፊት ኤክስፖርት፣ ሁልጊዜ ኤክስፖርት።

የሊኑክሱ ዲስክ ስሙ ኢኤክስቲ 4፣ ዓይነቱ ቪኤችዲኤክስ የሆነ አንድ ፋይል ነው፤ ሲሞላ ያድጋል፣ ሲሰረዝለት በራሱ አያንስም። «አፕዳታ» ሥር፣ በኢምፖርት የገባ ከሆነ ደግሞ ያኔ በሰጣችሁት ፎልደር ውስጥ ፈልጋችሁ አግኙት። «ሸትዳውን» አድርጉ፣ «ዲስክፓርት»ን በአስተዳዳሪነት ክፈቱ፤ «ሴሌክት ቪዲስክ» ከፋይሉ አድራሻ ጋር፣ «አታች ቪዲስክ ሪድኦንሊ»፣ «ኮምፓክት ቪዲስክ»፣ «ዲታች ቪዲስክ»።

ጥገና ከፒያሳ፦ እሽ፣ ተቀብያለሁ። ኤክስፖርት ማለት ነበረብኝ። ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ አንድ ደንበኛ ጋ ሊኑክሱ ተከፍቶ ምንም አልጽፍም ይላል።

መላሽ፦ ፋይል ሲስተሙ ተጎድቶ ለንባብ ብቻ ተከፍቷል። ሁለተኛ ትንሽ ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ዴብያን፣ እዚያው ማሽን ላይ ጫን። «ሸትዳውን» ካልክ በኋላ የተጎዳውን ቪኤችዲኤክስ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ በ«ማውንት» ትዕዛዝ «ቪኤችዲ» እና «ቤር» የሚሉትን አማራጮች ጨምረህ አያይዘው፤ ዴብያን ውስጥ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብለህ በመጠኑ ለየው፤ በሱዶ «ኢ2ኤፍኤስሲኬ» ከኤፍ አማራጭ ጋር አሂድበት። ሲጨርስ «አንማውንት»፣ «ሸትዳውን»፣ ከዚያ ዋናውን ክፈት። የዲስኩን ፊደል ሳታረጋግጥ እንዳትጀምር፤ የዴብያኑም ዲስክ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።