ሕንድ ከነፃነት በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

ሕንድ በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ ስላለፈችባቸው አሥርት ዓመታት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን እመልሳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አብዛኛው ሕዝብ ፊደል ባልቆጠረበት አገር የመጀመሪያው ምርጫ እንዴት ተካሄደ?

መልስ፦ ከ1951 መገባደጃ እስከ 1952 መጀመሪያ በተካሄደው ምርጫ ከ170 ሚሊዮን በላይ መራጮች ሲመዘገቡ፣ ማንበብ የሚችለው ከአምስት ሰው አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ለፓርቲዎች የሥዕል ምልክት ተሰጠ፤ የኮንግረስ ፓርቲ ምልክት ቀንበር የተጫናቸው ጥማድ በሬዎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ እጩም የራሱ ሣጥን ስለተቀመጠ፣ መራጩ ወረቀቱን በመረጠው ምልክት ሣጥን ውስጥ ይከት ነበር። ያም ሆኖ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» ከማለት በቀር ስማቸውን ባለመናገራቸው ከመዝገብ ተሰርዘዋል።

ጥያቄ፦ ገበሬውን በድምፁ ያመነ መንግሥት ነጋዴውን ለምን አላመነም?

መልስ፦ ጥያቄው የጉዳዩን እምብርት ነክቷል። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የኔህሩ ትውልድ የውጭ ንግድ ኩባንያ አገርን ሲገዛ ያየ ሕዝብ ልጅ ስለነበር፣ ትልልቁን ኢንዱስትሪ በመንግሥት እጅ ማድረግን የነፃነት ማጠናከሪያ አድርጎ ቆጠረው። በ1956 በጀመረው ሁለተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ የብረት ፋብሪካዎች በቢላይ በሶቪየቶች፣ በሩርኬላ በምዕራብ ጀርመኖች፣ በዱርጋፑር በእንግሊዞች እገዛ ተሠሩ። እኔ ጥፋቱን በብረት ፋብሪካዎቹ ላይ አላይም። በ1951 በወጣው ሕግ መሠረት ፋብሪካ ለመክፈት፣ ለማስፋፋት ወይም አዲስ ምርት ለመጀመር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር፣ ባለሀብቱ ከገበያው ይልቅ የዴልሂን ቢሮዎች ደጅ መጥናት ተማረ። ኢኮኖሚው ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል በዓመት በአማካይ 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ አደገ።

ጥያቄ፦ የክልሎቹ አከላለል ከኛው ጋር ይመሳሰላል?

መልስ፦ ቋንቋን መሠረት በማድረጉ ይመሳሰላል፤ በ1956 አብዛኞቹ ክልሎች በዚሁ መንገድ ተዋቅረዋል። ሆኖም የሕንድ ሕገ መንግሥት የመገንጠል መብት አይሰጥም፤ ፓርላማውም የክልልን ወሰን በተራ ሕግ መለወጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንዴ ስትለምን የነበረች አገር እንዴት ራሷን ቻለች?

መልስ፦ በ1965 እና በ1966 ድርቅ ተከታትሎ ሲመታት ኑሮዋ በአሜሪካ ስንዴ ላይ ተንጠለጠለ። በ1966 መንግሥት 18,000 ቶን የተሻሻለ የስንዴ ዘር ከሜክሲኮ አስመጣ፤ ለገበሬውም የመግዣ ዋጋ ዋስትና ሰጠ። በእኔ ግምት ከዘሩ የማይተናነስ ድርሻ የነበረው ይህ ዋስትና ነው። የስንዴ ምርት በ1965 ከነበረበት 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ በአምስት ዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። ትሩፋቱ ግን መስኖ ወደነበረው ወደ ፑንጃብና አካባቢው አደላ፤ የፑንጃብ የከርሰ ምድር ውኃም እስከ ዛሬ እየሸሸ ነው።

ጥያቄ፦ የ1991ዱን ለውጥ ያመጣው የዓለም የገንዘብ ድርጅት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። የውጭ ምንዛሪው ከጥቂት ሳምንታት የገቢ ዕቃ በላይ የማይሸፍን ሆኖ 47 ቶን ወርቅ በእንግሊዝ ባንክ ዘንድ በመያዣነት ስለተቀመጠ፣ አበዳሪው ድምፁ ከፍ ማለቱ አልቀረም። ነገር ግን ፈቃዱን የማላላት ሐሳብ በራሳቸው በሕንድ ባለሙያዎች ዘንድ ቀድሞ ሲብላላ የቆየ ነበር። ለበጀቱ ንግግር የሚመሰገኑት የገንዘብ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ ናቸው፤ ከ18 ዘርፎች በቀር የኢንዱስትሪ ፈቃድን ያስቀረው ፖሊሲ ግን ንግግሩ በተደረገበት ዕለት፣ ጁላይ 24፣ ለፓርላማ የቀረበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናራሲምሃ ራኦ ደርበው ከያዙት የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ነው።