ለትንሽ ልጅ ጊታር መሥራት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለትንሽ ልጅ ጊታር በእጅ ስለመሥራት የጠየቃችሁኝን ልመልስ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። የልጅ ጊታር ቅኝቱን መያዝ አለበት። «ትንሽ ልጅ ነው፣ ድምፁ ቢሳሳት ምን ችግር አለው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የልጅ ጆሮ ገና እየለመደ ነው። የተሳሳተ ጊታር ይዞ ጣቱን በትክክል ቢያስቀምጥ እንኳ የሚሰማው ስህተት ነው፤ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ይተወዋል። ስለዚህ ጌጡ ይቅር፣ ልኬቱ ግን አይቅር።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። በምን ልኬት ልሥራላት?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚወሰነው የክሩ ርዝመት ነው፤ ከናት እስከ ሳድል ያለው ማለት ነው። ናት በአንገቱ ጫፍ ላይ፣ ሳድል ደግሞ ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው እንጨት) ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ቀጫጭን ቁራጮች ናቸው። የአዋቂ ክላሲክ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ 650 ሚሊ ሜትር ነው። ለ5 ዓመት ልጅ 480 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። «ሩብ ጊታር» የሚባለው ወደዚህ ይጠጋል። ስሙ አያሳስትዎት፤ ክሩ ከሙሉው ጊታር ክር ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

እንጨት ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። አንድ ትልቅ ጊታር ይዋሱና 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች 5ኛው) ላይ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ይግጠሙ። የቀረው ክር 487 ሚሊ ሜትር ነው። ልጅቷ ጣቶቿን እዚያ ላይ ታስቀምጥ። ከካፖው ቀጥሎ ያለውን 1ኛውንና 3ኛውን ፍሬት ሳትጨነቅ አንድ ላይ ከደረሰችባቸው ልኩ ይስማማታል። ካልደረሰች ወደ 440 ዝቅ ይበሉ።

የአንገቱን ስፋት ናቱ ጋ ከ42 እስከ 44 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። የሳጥኑ ጥልቀት 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ርዝመቱን ያሳጥርና ጥልቀቱን ይረሳዋል። ልጅቷ ጊታሩን ስታቅፍ ትከሻዋ ወደ ላይ ከተነሳ ሳጥኑ ወፍሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትልቁን ጊታር በካፖ ብሰጠው አይሻልም? ለምን ልድከም?

መልስ፦ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ለዕለት ተዕለት ግን አይሆንም። ክሩ አጠረ እንጂ ሳጥኑና የአንገቱ ስፋት አልተለወጡም። ልጁ ጊታሩን ለመያዝ ሲታገል መጫወቱን ይረሳል።

ጥያቄ፦ ሠርቼ ጨርሻለሁ። እንደ ትልቁ ጊታር ስቃኘው ግን ክሮቹ ልል ሆኑብኝ። የት ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አልተሳሳትክም ወንድሜ፣ የፊዚክስ ነገር ነው። ተመሳሳይ ክር በተመሳሳይ ቅኝት ሲያጥር ውጥረቱ በርዝመቱ ካሬ ይቀንሳል። ከ650 ወደ 480 ስትወርድ የሚቀርህ ውጥረት 55 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ክሩ ይላላል፣ ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ይላል፣ ጣት ትንሽ ጠበቅ ሲያደርገው ደግሞ ድምፁ ከቅኝት ይወጣል።

ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ወፈር ያለ ክር መግጠም ነው። ሁለተኛውን እኔ እመርጠዋለሁ፦ ቅኝቱን ከፍ አድርገው። ከወፍራሙ ክር ጀምረህ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ (የድምፆቹ ስም ነው) ብለህ ቃኘው። ውጥረቱ ከሙሉው ጊታር ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። የጣቶቹ አቀማመጥ ያው ነው፤ ልጁ ዛሬ የተማረውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ነገ በትልቁ ጊታር ላይ ይጫወተዋል። ድምፁ ቀጠን ስለሚልም ለልጅ ዘፈን ይመቻል።

ጥያቄ፦ የፍሬቶቹን ቦታ እንዴት ላውጣ? የሒሳብ ሰው አይደለሁም።

መልስ፦ ማካፈልና መደመር ከቻሉ ይበቃዎታል። የክሩን ርዝመት ለ17.817 ያካፍሉ፤ የ1ኛው ፍሬት ርቀት ከናቱ ይህ ነው። ለ480 ሲሆን 26.9 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ያካፍሉና በፊተኛው ላይ ይደምሩ፤ 2ኛው 52.4 ላይ ይሆናል። 3ኛው 76.4። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 240 ላይ ማረፍ አለበት። እዚያ ካላረፈ መንገድ ላይ ስህተት አለ።

ምልክት ሲያደርጉ ሁሉንም ርቀት ከናቱ ይለኩ። ከፍሬት ወደ ፍሬት ከለኩ ትንንሾቹ ስህተቶች እየተደመሩ ይሄዳሉ። በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ወይም ስለታም ቢላ ይጠቀሙ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት በትልቁ ጊታር ያስቸግራል፤ በትንሹ ላይ ይብሳል።

አቋራጭም አለ፤ ለጀማሪ አጥብቄ የምመክረው እሱን ነው። የተሰበረ ትልቅ ጊታር ካለ የጣት ሰሌዳውን (ፍሬቶቹ የተተከሉበትን) በሙቀት ከአንገቱ ያላቅቁት። 5ኛውን ፍሬት ነቅለው ሰሌዳውን እዚያው ይቁረጡት፤ አዲሱ ናት ክሩን የሚይዝበት ጠርዝ 5ኛው ፍሬት በነበረበት መስመር ላይ ይዋል። ቀሪዎቹ ፍሬቶች ለአጭሩ ክር ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሰሌዳው ለልጁ ስለሚሰፋ ጎንና ጎኑን ይላጉና የፍሬቶቹን ጫፍ በሞረድ ያለስልሱ።

ጥያቄ፦ ውድ እንጨት የግድ ነው?

መልስ፦ ለፊቱ (ብሪጁ ለሚለጠፍበት የሳጥኑ ገጽ) ጥሩ እንጨት ይፈልጉ፤ ለቀሪው አይጨነቁ። አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የሚባል ስፔናዊ የጊታር ሠሪ ነበር። የዛሬው ክላሲክ ጊታር መልኩን ያገኘው በአብዛኛው ከእሱ ነው። በ1862 አንድ ጊታር ጀርባውንና ጎኑን ከተጠፈጠፈ ወረቀት፣ ፊቱን ብቻ ከጥሩ እንጨት ሠራ። ድምፁን በዋናነት የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ እንጨት የለኝም ብሎ ለሚሰጋ ሰው ሁሉ እነግረዋለሁ።

ለፊቱ ስፕሩስ ወይም ሲዳር ይሻላል። መስመሮቹ ቀጥ ያሉና የተቀራረቡ ይሁኑ፤ አቅጣጫቸውም ከክሩ ጋር ይሂድ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የትንሽ ጊታር ፊት ከወፈረ አይንቀጠቀጥም፣ ድምፁም ይታፈናል። ከውስጥ በኩል ከድምፅ ቀዳዳው በላይና በታች አንድ አንድ አግዳሚ ይለጥፉ። ከብሪጁ ስር ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ይጨምሩ። ጀርባውና ጎኑ ከአሮጌ ቁም ሳጥን የተገኘ ደረቅ እንጨት ወይም ቀጭን ፕላይውድ ሊሆን ይችላል። ደረቅ መሆኑን ግን አደራ። እርጥብ እንጨት ከተጣበቀ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የጎኑን እንጨት ማጠፍ አልቻልኩም። ሁለቴ ተሰበረብኝ።

መልስ፦ ሳይወፍርብሽ አልቀረም እህቴ። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አውርጂው። ውኃ ውስጥ ጥቂት ንከሪውና በጋለ የብረት ቱቦ ላይ ቀስ እያልሽ አመላልሺው። እንጨቱ ሲሞቅ ራሱ ለቀቅ ይልልሻል፤ ያን ጊዜ እጠፊው። በጉልበት ከሆነ ይሰበራል።

ካልሆነም ማጠፉን ተዪው። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወደ አንገቱ ጠበብ የሚል ሳጥን ሥሪ። ድምፁ አያሳፍርሽም።

ጥያቄ፦ የብረት ክር ብገጥምስ?

መልስ፦ አይሆንም። የናይለን ክሮች በሙሉ ጊታር ላይ በድምሩ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ የብረቶቹ ቀላሎቹ እንኳ 70 ያልፋሉ። 2 ሚሊ ሜትር ፊት ያለው ትንሽ ጊታር አይችለውም። የልጁ ጣትም ይቆስላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና 4 ዓመቱ ነው። ስድስት ክር አይበዛበትም?

መልስ፦ ይበዛበታል። አራት ያድርጉለት፦ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። የጊታር ቀጫጭኖቹ አራት ክሮች ናቸው፤ ባሪቶን ዩኩሌሌም (ጊታር የሚመስል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ) የሚቃኘው እንዲሁ ነው። የእሱ ክሮች ለዚህ ርዝመት የተሠሩ ስለሆኑ እነሱን ይግጠሙ። አንገቱም ይጠብለታል።

ጥያቄ፦ ምን ልቀባው? ልጄ ሁሉንም ነገር ወደ አፉ ነው።

መልስ፦ ሼላክ። ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ከረሜላና ክኒንም ይለበጥበታል። በንጹሕ አልኮል ያሟሙትና በጨርቅ ስስ አድርገው ደጋግመው ይቀቡ። አልኮሉ ተንኖ እስኪያልቅ ጊታሩን ለልጁ አይስጡ።

የተልባ ዘይት የምትጠቀሙም አላችሁ። «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ማድረቂያ ኬሚካል አለበት፤ ለዚህ ልጅ አልመርጠውም። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ደግሞ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

በመጨረሻም በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት። የፍሬት ጫፍ አይቧጥጥ። የተረፈ ክር ጫፉ ይቆረጥ። መቃኛዎቹ ላይ የሚወልቅ ትንሽ ነገር አይኑር፤ ልጅ ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ ክሮቹ ከሰሌዳው ምን ያህል ይራቁ?

መልስ፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ናቱ ጋ ያለው ከፍታም ይታይ። 1ኛውን ፍሬት መጫን ከከበደ የናቱን መሰንጠቂያ በጥቂቱ ጠለቅ ያድርጉት፤ የልጅ ጣት የሚያመው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሳድሉን ደግሞ ከተሰላው ቦታ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ያሳልፉት። ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ይህች ጭማሪ ታስተካክለዋለች።

ጥያቄ፦ ትናንት ክር ገጠምኩለት። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ወርዷል። መቃኛው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መቃኛው ደህና ነው። አዲስ የናይለን ክር ለጥቂት ቀናት ይለጠጣል። ልጁ ከመያዙ በፊት በየጊዜው ቃኝለት፤ እየቆየ ይረጋል። ከሳምንት በኋላም የሚወርድ ከሆነ ክሩ ብሪጁ ላይ የታሰረበትን ቋጠሮ እይ፣ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል።