ጊዮርጊስ ለክርስትና ተጠርቻለሁ፤ የት ልቁም?

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ሴት ልጇን ፒያሳ ጊዮርጊስ ክርስትና ልታስነሳ ነው። እሁድ በማለዳ ነይ ብላኛለች። ያደግኩት በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ እዚያ ግቢ ገብቼ አላውቅም። ምን ልልበስ? የት ልቁም? 80 ቀን የሚጠበቀውስ ለምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሳ፤ ሌላውም ከእሱ ጋር ይፈታል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች። በኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ይላል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈው የወላድ የመንጻት ቀንም ሲደመር ያው ነው፦ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66። እናቲቱም እስከዚያ ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም። እሁድ እንግዲህ እናትና ልጅ አብረው የሚገቡበት ቀን ነው፤ ለጓደኛዎ ትልቅ ቀን ነው።

ጥምቀቱ የሚፈጸመው ከቅዳሴ በፊት ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድመው ይጠይቋት። በ2 ሰዓት ቢደርሱ ዋናው ነገር አልፏል። ከምኒልክ ሐውልት በኩል ገብተው «ክርስትና ቤት የት ነው?» ይበሉ። እዚያ የክርስትና እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጀመሪያ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ በሕፃኗ ፈንታ ታምናለች። ይህችን መዞር ልብ ብለው ይዩአት፤ የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ካህኑ ሕፃኗን በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ያጠልቋታል፤ ሜሮን የሚባለውን የተቀደሰ ቅባት ትቀባለች፣ ማተብ ይታሰርላታል፣ የክርስትና ስምም ይሰጣታል፤ ወለተ ማርያም እንደሚባለው።

ለልብስ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ይበቃል፤ ሱሪ አይልበሱ። ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፉት። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፤ እሁድ ሰው ስለሚበዛ ፌስታል ይዘው ጫማዎን ከእርስዎ አያርቁ። ወደ ምሥራቅ ሲቆሙ ሴቶች በቀኝ፣ በደቡብ በኩል፣ ወንዶች በግራ ናቸው። የጊዮርጊስ ሕንፃ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ለእንግዳ አቅጣጫው ይጠፋል፤ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ይከተሉ። በምዕራብ ያለው ቅኔ ማኅሌት የመዘምራን ቦታ ነው፤ እዚያ አይቁሙ።

በቅዳሴ መሀል፣ ከወንጌል ንባብ በኋላ፣ ዲያቆኑ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል። ገና ያልተጠመቁ ይውጡ ማለት ነው። ዛሬ ማንም መጥቶ አያስወጣዎትም፤ ግን ያኔ ወጥተው ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ቢያስቀድሱ ሥርዓቱን ማክበር ነው። በተለያየ ምክንያት ወደ ውስጥ ያልገቡ ብዙ ምእመናንም እዚያው ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ብቻዎን አይሆኑም። ቁርባን ለእርስዎ አይደለም፤ ከምእመናንም የሚቀበለው ንስሐ ገብቶ፣ 18 ሰዓት ጾሞ የተዘጋጀው ነው። ካህኑ መስቀል ሲዘረጉልዎ መሳለም ካልፈለጉ አንገትዎን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው።

እንግዶች በብዛት የሚሳሳቱት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሕፃኗ በዚያው ቀን ትቆርባለች፤ እናቷም ልትቆርብ ትችላለች። የቆረበ ሰው ቅዱስ ቁርባኑን በመጠንቀቅ አፉን በነጠላ ይሸፍናል። ጓደኛዎ አፏን ሸፍና በዓይኗ ብቻ ሰላም ብትልዎ ቅር አይበልዎ፤ ጉንጯን ለመሳም አይጠጉ፣ ሕፃኗንም አይሳሙ። ፎቶ ለማንሳት አስቀድመው ካህኑን ያስፈቅዱ።

ድግሱ ቤት ነው። ስጦታ የሕፃን ልብስ ወይም ገንዘብ በፖስታ ይሆናል። ኬክ ከመግዛትዎ በፊት ግን ወቅቱ ጾም መሆን አለመሆኑን ያጣሩ፤ ቅቤና እንቁላል ስላለበት በጾም ሳይነካ ይቀራል። ጾም ከሆነ ድፎ ዳቦ ወይም ፍራፍሬ ይዘው ይሂዱ።