ኸልዝኬር ማኔጅመንት ተምሮ የት ይገባል?

የአሜሪካ ኮሌጆች ይህን የጤና ተቋም አስተዳደር ትምህርት ሲያስተዋውቁ ደመወዙን ያስቀድማሉ። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 መረጃ መሠረት የጤና አገልግሎት ሥራ አስኪያጆች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 110,680 ዶላር ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ሃያ ዓመት የሠራውንም የሆስፒታል ዳይሬክተር ደምሮ የያዘ ነው። ዲግሪውን ትናንት የተቀበለ ሰው በዚህ አይጀምርም፣ “ማኔጀር” የሚል ወንበርም አይጠብቀውም። ነርሷ ፈተናዋን ካለፈች ላይሰንሷ (የሙያ ፈቃዷ) ሥራዋን ይነግራታል። የእናንተ ዲግሪ ግን ላይሰንስ ይዞ አይመጣም፤ የምትገቡበትን በር ራሳችሁ፣ ያውም ሳትመረቁ፣ መምረጥ አለባችሁ።

ከበሮቹ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ሆስፒታል ውስጥ ማኔጀር ከሚባሉት ቦታዎች ብዙዎቹ ለእናንተ ዝግ ናቸው። የነርስ ማኔጀር፣ የነርሲንግ ዳይሬክተር፣ ብዙ ጊዜም ኬዝ ማኔጀር (የታካሚውን ሕክምና የሚያቀናጅ) አርኤን፣ ማለትም የተመዘገበ ነርስ ላይሰንስ፣ ይጠይቃሉ። “ነርሲንጉ ካልሆነልኝ ማኔጅመንት ተምሬ እነሱኑ አስተዳድራለሁ” የሚል ወገን አይጠፋም፤ ስሌቱ አይሠራም። ክሊኒካል ላይሰንስ የሌለው ሰው በደንብ የሚያድገው በገንዘቡ፣ በነርሲንግ ሆሙ (የአረጋውያንና የሕሙማን መጦሪያ)፣ በሕክምና መዝገቡ ወይም በጥራት ቁጥጥሩ በኩል ነው።

ከሁሉ ሰፊው የገንዘቡ በር ነው፤ ሬቨኑ ሳይክል ይሉታል። ታካሚው ቀጠሮ ሲይዝ ኢንሹራንሱ መሥራቱ ይጣራል፤ አስቀድሞ ፈቃድ የሚፈልግ ሕክምና ከሆነ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ከሕክምናው በኋላ የተሠራው ሁሉ ኢንሹራንሱ ወደሚያነበው የቁጥርና የፊደል ኮድ ይለወጣል፤ ከዚያ ሂሳቡ ለኢንሹራንሱ ይላካል፣ ቢሊንግ የሚሉት ይህን ነው። የሐኪም ቢሮ በሲኤምኤስ-1500 ቅጽ፣ ሆስፒታል በዩቢ-04 ይልካል። ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ገና ሲጀመር፣ ምዝገባው ላይ ነው። የእኛ ሰው ስም ጥሩ ማሳያ ነው፦ በአንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም “ላስት ኔም” ሆኖ ይገባል፤ ፊደሉም በየካርዱ ይለያያል። ኢንሹራንሱ “እንዲህ ያለ አባል የለኝም” ብሎ ይመልሰዋል። ተመልሶ እስኪታረም ጊዜው ካለፈ ደግሞ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ሂሳቡን ለመላክ ከሕክምናው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይሰጣል፤ ብዙ የግል ኢንሹራንሶች ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የሚሰጡት። ሲኦ-29 የሚል ኮድ ይዞ የተመለሰ ሂሳብ በጊዜ ማለፍ የወደቀ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ የታካሚ መዝጋቢ ወይም የቅድመ ፈቃድ ጠያቂ ቢሆን አትናቁት። እዚያ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሂሳብ ለምን እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ሱፐርቫይዘር የሚያደርገውም ይኸው ነው። አለቆች የሚለኩበትን ቋንቋ በጊዜ ልመዱ። ክሊኒኩ በ30 ቀን 300,000 ዶላር ሂሳብ ያወጣል እንበል፤ በቀን 10,000 ነው። ያልተሰበሰበው 450,000 ከሆነ፣ የ45 ቀን ሥራ ገንዘብ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን “ዴይስ ኢን ኤአር” ይሉታል። ረዚሜያችሁ ላይ “ቢሊንግ ሠርቻለሁ” ከምትሉ፣ በቀን ስንት ሂሳብ እንዳያችሁና ከወደቀው ስንቱን እንዳስመለሳችሁ ጻፉ። ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብልና ኤክስሉክአፕ (ቁጥር ማጠቃለያና መረጃ መፈለጊያ) የማይችል ተመራቂ ኢንተርቪው ላይ ቶሎ ይታወቃል።

ኮዲንግን (ሕክምናን ወደ ኮድ መለወጥን) በተመለከተ፣ ኤኤፒሲ የተባለው የኮደሮች ማኅበር የሚሰጠው የሲፒሲ ሰርተፊኬት ፈተና 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት ካለፉ በኋላ ነው። ልምድ የሌለው ሰው የሚሰጠው “ሲፒሲ-ኤ” ነው፣ ኤው ለማጅ ማለት ነው፤ ብዙ ቀጣሪዎች ደግሞ ያቺን ፊደል ሲያዩ ያልፉታል። ለኦንላይን ኮርስ ብዙ ሺህ ዶላር አውጥቶ ሥራ ያጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ነው። መጀመሪያ ምዝገባ ወይም ቢሊንግ ግቡ፣ ሲፒሲውን እዚያው እየሠራችሁ ውሰዱ።

የነርሲንግ ሆሙ በር ጠባብ ነው፣ ላይሰንስ ግን ያለው እሱ ነው። በፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም ላይሰንስ ያለው አስተዳዳሪ ሊኖረው ይገባል፤ ላይሰንሱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፣ ብሔራዊ ፈተናው የስቴት ቦርዶቹ ማኅበር የናብ ነው። የሥልጠናው ሰዓት በየስቴቱ ይለያያል። በቨርጂኒያ በተለማማጅ አስተዳዳሪነት የሚገባ ሰው እንደ ትምህርቱና ልምዱ የሚቀነስለት ቢሆንም መነሻው 2,000 ሰዓት ነው። ከጤና ጋር የተያያዘ ባችለር ያለውና በትምህርቱ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ገብቶ ቢያንስ 320 ሰዓት ኢንተርንሺፕ የሠራ ግን ያን የተለማማጅነት ሥልጠና ሳያልፍ በዚያው ማመልከት ይችላል። እንግዲህ ኢንተርንሺፑን እንደ ማንኛውም ክሬዲት ቆጥሮ የትም የጨረሰ ተማሪ ምን እንዳጣ አስሉት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳላችሁ የስቴታችሁን ቦርድ ደንብ አንብቡ፤ የሚያሠለጥናችሁ አስተዳዳሪ በቦርዱ ዘንድ ብቁ መሆኑንም ሰዓት መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ። የባከነ ሰዓት አይመለስም።

ሥራው ቀላል አይደለም። የስቴት ተቆጣጣሪዎች ቢበዛ በ15 ወር አንዴ ሳይነግሩ ይመጣሉ፤ ሌሊት ሠራተኛ ሲቀር ስልኩ የሚጮኸው እናንተ ዘንድ ነው። ነገር ግን ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኖ የሠራ ሰው ሌላው በመጽሐፍ የሚማረውን ያውቀዋል፦ ፈረቃ ሲጎድል ማን እንደሚጎዳ፣ የደወል ጥሪ ለምን እንደሚዘገይ። የራሳችሁን የቤት ለቤት እንክብካቤ ወይም ግሩፕ ሆም ለመክፈት የምታስቡም፣ መጀመሪያ በሌላ ሰው ላይሰንስ ሥር የስቴት ቁጥጥርን አንዴ እለፉት።

በሕክምና መዝገቡ በር ሰው የሚሳሳተው ትምህርት ቤት ሲመርጥ ነው። አርኤችአይኤ ለተባለው የሕክምና መዝገብ አስተዳዳሪነት ሰርተፊኬት ፈተና ለመቀመጥ ፕሮግራሙ በካሂም (የዘርፉን ትምህርት በሚመዝነው አካል) ዕውቅና ያገኘ መሆን አለበት፤ የኸልዝኬር ማኔጅመንት ዲግሪ ብቻውን አያስቀምጥም። ሳትመዘገቡ ጠይቁ። ኤፒክ የሚባለውን የሕክምና መዝገብ ሲስተም ሰርተፊኬት “በግል እናስወስዳለን” ለሚል ደግሞ ገንዘብ አትስጡ፤ ወደ ሥልጠናው የሚልከው ኤፒክን የሚጠቀም ቀጣሪ ወይም አብሮት የሚሠራ ድርጅት ነው። በጥራት ቁጥጥር በኩል የሚታወቀው ሲፒኤችኪው የተባለው የጤና ጥራት ባለሙያ ሰርተፊኬት ነው፤ ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ይሻላል።

አማርኛችሁም ዋጋ አለው። የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ወስዶ የሲሲኤችአይን (ለሕክምና አስተርጓሚዎች ሰርተፊኬት የሚሰጥ ድርጅት) ኮርሲኤችአይ ፈተና ያለፈ ሰው እየተማረ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፤ ከየክፍሉ ኃላፊዎችም ጋር ይተዋወቃል። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከተጨመረ ተፈላጊነቱ ይጨምራል።

አሁኑኑ ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ፣ ሴሚስተር ሳይጀምር ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ሂዳችሁ የትምህርት ድጋፍ ጠይቁ። ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነጻ ሊሰጥ ይችላል። ወረቀቱን ስትፈርሙ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ማስጸደቅ እንዳለባችሁና ሥራ ብትለቁ ምን ያህል እንደምትመልሱ። ቀጣሪው ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነና የፌዴራል የትምህርት ብድር ካለባችሁ፣ ብቁ የሆነ 120 ወርሃዊ ክፍያ ሲሞላ ቀሪው ይሰረዛል፤ የቀጣሪ ማረጋገጫውን በየዓመቱ አስሞሉ፣ አሥር ዓመት ቆይቶ ፊርማ መለቃቀም መከራ ነው።

ማስተርሱን ከባችለር ቀጥሎ መያዝ የሚያዋጣው የአስተዳደር ፌሎሺፕ ለሚፈልግ ነው። ፌሎሺፕ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከሆስፒታል አመራር ጎን የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ማመልከቻው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከመመረቂያው በፊት ባለው ዓመት፣ በጋው ሲያልቅና በመጸው ነው። ብዙዎቹ ማስተርሱ ካሚ (የጤና አስተዳደር ማስተርሶችን የሚመዝን አካል) ዕውቅና የሰጠው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ለሌላው ሰው ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ በቀጣሪ ገንዘብ መማር ይሻላል።

ከአገር ቤት በጤና መኮንንነት፣ በሕብረተሰብ ጤና ወይም በጅማው የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ የመጣችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ከናሴስ (የውጭ አገር ትምህርት ገምጋሚዎች ማኅበር) አባላት በአንዱ፣ ለምሳሌ በደብልዩኢኤስ፣ ኮርስ በኮርስ አስገምግሙ፤ አጠቃላዩ ግምገማ ክሬዲት ለማዛወር አይበቃም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ መምጣት አለበት፤ በእጃችሁ ያለው ኮፒ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው ሬጅስትራሩ በር ላይ ይቆማል። የሚከታተልላችሁ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ውክልናውን በኤምባሲው በኩል አስቀድማችሁ ላኩ፤ ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተጀመረ ጉዳይ አይደርስም።